የእህቴ ልጅ ምርጫ

ዛሬ የእህቴ ልጅ የትምህርት ክፍል ምርጫውን በእርሳስ ጽፎ፣ አጥፍቶና ደግሞ ጽፎ ሊቀደድ የደረሰ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ሁሉም ኮምፒውተር አይደል እንዴ?» አለኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ወደ አልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ስልት) እና ወደ ስሌት ንድፈ ሐሳብ እንደሚያዘነብል፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ በአገራችን 5 ዓመት የሚወስድና የተጠቃሚን ፍላጎት ከማጥናት እስከ ፍተሻና ጥገና ያለውን ሥራ የሚያስተምር መሆኑን፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ደግሞ አንድ እግሩን በድርጅት አስተዳደር ውስጥ እንዳቆመ አስረዳሁት። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን «ኬብል መዘርጋት ነው» ብሎ ሲያጣጥለው ግን ቅር አለኝ (እኔም የተማርኩት እርሱኑ ነው)፤ ሰርቨር (ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግለው ኮምፒውተር) ሲቆም በሌሊት የሚጠራው ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። የሒሳብ ማረጋገጫ መሥራት እንደሚወድ ሲነግረኝ ኮምፒውተር ሳይንስን እንዲያስቀድም መከርሁት፤ እናቱ ግን «ኢንጂነር» የሚለውን ስም ስለምትወደው ጉዳዩ ገና አልተቋጨም።