ጡንቻ መሳል ቀላል ነው፣ በር መክፈት ነው የሚከብደው

የኮሚክ ሰዓሊ መሆን የፈለግኩት ጡንቻ መሳል ስለምወድ ነው። ደብተሬ ሙሉ የሚበር ሰው፣ የተጨበጠ ጡጫ፣ የሚውለበለብ ካባ ነበር። እሱን ይዤ አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄድኩ። ኤዲተሩ ገለጥ ገለጥ አደረገና "እሺ፣ ያምራል። አሁን ይሄ ሰውዬ ቤቱ ገብቶ መነጽሩን ሲፈልግ በአንድ ገጽ ሳልልኝ" አለኝ።

ሳምንት ፈጀብኝ። በገጹ የመጀመሪያ የሥዕል ሳጥን በግራ የነበረው በር ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በቀኝ ሆኖ ቁጭ አለ። ፊቱማ ከሳጥን ሳጥን ይለያያል፤ የአንድ እናት ልጆች እንጂ አንድ ሰው አይመስልም። ደግሞ ለንግግሩ ቦታ አልተውኩም። ንግግሩ የሚጻፍበት አረፋ ሲገባ የሰውዬውን ግማሽ ጭንቅላት በላው። ኤዲተሩ አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ መለሰልኝ። እሱ ነው የባሰው።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። አሁን ታሪኩ የሚካሄድበትን ክፍል መጀመሪያ እንደ ቤት ፕላን ከላይ እነድፈዋለሁ፤ በሩ የት ነው፣ መስኮቱ የት ነው፣ ማን የት ቆሟል። ቀጥሎ ገጹን ቴምብር በምታክል ስፋት እሞክራለሁ። አረፋዎቹን ከሰዎቹ በፊት ነው የማስቀምጠው፣ ቀድሞ የሚናገረው በስተግራ ከፍ ብሎ። በቴምብር ላይ ካልገባኝ በትልቁም አይገባኝም።

በአሜሪካ ኮሚክ የተለመደው የመሳያ ወረቀት 28 በ43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲታተም በጣም ያንሳል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያስዋብኳቸው ጸጉር የሚያካክሉ መስመሮች ታትመው ሳያቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ጥቁር ነጠብጣብ ሆነዋል። አንባቢ ቆሻሻ ነው ብሎ ሊጠርገው ይችላል።

ስለ ፍጥነት ደግሞ፦ ወርሃዊ ኮሚክ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 22 ገጽ ነው። ቅዳሜና እሑድ ካረፍክ በቀን አንድ ገጽ መሆኑ ነው። ትልልቅ አሳታሚዎች ጋ እርሳሱ የአንዱ፣ ጥቁር ቀለሙ የሌላው፣ ማቅለሙና የአረፋው ጽሑፍ የሌሎች ሥራ ነው። እኔ ሁሉንም ለብቻዬ ይዤ፣ ረጅሙንም አጭሩንም መስመር ከእጅ አንጓዬ ብቻ እየሳብኩ ከረምኩና አንድ ጠዋት ጣቶቼ ደንዝዘው እርሳስ አልይዝ አሉኝ። ሁለት ወር ቁጭ። አሁን ረጅም መስመር ከትከሻ ነው፤ በየሰዓቱም እነሳለሁ፣ ዴድላይን ቢኖርም።

ውሉ ግን ከእጄ በላይ አመመኝ። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 የፈጠሩትን ሱፐርማንን ከነመብቱ በ130 ዶላር እንደሸጡት አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ የማወራው ታሪክ ነው! እኔ ራሴ ግን የመጀመሪያ ሥራዬን ላገኝ ነው ብዬ ስቸኩል የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጬ ፈረምኩ። የፈጠርኳት ገጸ ባሕሪ የማን ናት፣ ወደ ፊልም ብትሄድስ፣ ኦሪጅናል ሥዕሎቹ ይመለሱልኛል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አሁን እነዚህን ሦስቱን ሳልጠይቅ እስክሪብቶ አላነሳም፤ ሲያዩኝ ነገረኛ ሳልመስላቸው አልቀርም።

ያቺን ገጸ ባሕሪ አሁን የሚስላት ሌላ ሰው ነው። አልፎ አልፎ አያታለሁ። አፍንጫዋን አሳጥሯታል።