ቢጫው ዶንግቤክ፦ ከሴኡል ወደ ቹንቾን

(ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳንግቦንግ ላይ የግዮንግቹን መስመር ሜትሮ ይዤ፣ ቹንቾን ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ኪምዩጆንግ ጣቢያ ወረድኩ። ጣቢያው በደራሲው በኪም ዩጆንግ ስም የተጠራው በ2004 ነው። ሰውዬው ግን በዚህ ሐዲድ አልሄደበትም፤ ሳንባ ነቀርሳ በ29 ዓመቱ የገደለው በ1937፣ ባቡሩ የገባው በ1939 ነው።

የትውልድ መንደሩ ሲሌ ከጣቢያው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ የመታሰቢያ ግቢው ሰኞ ዝግ ነው። ስሙን ከ«ሲሩ» ያገናኙታል፤ የሩዝ ዳቦ በእንፋሎት የሚበስልበት የሸክላ ዕቃ ነው። ዙሪያውን ላየ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ተራራው ከቦት መንደሩ ከታች ተቀምጧል።

እዚህ ድረስ የሚያስመጣው ግን አበባው ነው። በ1936 የታተመው አጭር ልቦለዱ «ዶንግቤክኮት» በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ካሜሊያ ይሆናል፤ ተርጓሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካሜሊያ የሞቃቱ የደቡብ ዳርቻ ዛፍ ነው፤ አብዛኛው ቀይ፣ ሽታውም እዚህ ግባ የማይባል። የታሪኩ አበባ ቢጫ ነው፣ አፍንጫም ይሰነፍጣል። ቹንቾን ባለችበት በካንግዎን ክፍለ ሀገር ገበሬ አፍ «ዶንግቤክ» ሴንግጋንግናሙ ነው፤ የዝንጅብል ዛፍ ማለት። ማርች መጨረሻ ግድም፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ ባዶው ቅርንጫፍ ላይ ትናንሽ ቢጫ ኳሶች ይለጠፉበታል። ሳንሱዩ የሚባለውም ዛፍ በዚያው ሰሞን ቢጫ ስለሚያብብ ያምታታል፤ ግንዱን ማየት ነው። የሳንሱዩ ልጥ ይላላጣል፣ የዚህኛው ልስልስ ነው። ካልሆነም የወደቀ ቀንበጥ ሰብሮ ማሽተት። ሜይ ላይ የመጣ ቅጠል ብቻ ያገኛል።

ቋንቋችን የሚያግዝበት ቦታም አለ። ተራኪው ልጅ የጭሰኛ ልጅ ነው፤ ይህ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም። ዶሮ የምታዋጋበት ጆምሱን ደግሞ የ«ማርም» ልጅ ናት። «ምስለኔ» ማለት ያጓጓል፣ አይሆንም እንጂ። ምስለኔ የመንግሥት ሰው ነው፤ ማርም የባለመሬቱ ወኪል። እርሻውን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም እሱ ስለሆነ ልጁ ዶሮው ሲደማ እያየ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። እኔ «የባለመሬቱ ወኪል» ብዬ እተወዋለሁ፤ ባያምርም አያሳስትም።

ከሰዓት በኋላ ቹንቾን ውስጥ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ወዳለው፣ በኮሪያ ጦርነት ለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ለቃኘው ሻለቃ ወደቆመው ሐውልት ሄድኩ። በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። ማዶ ያለው የመታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያ የጎጆ ቅርጽ አለው። ማርች ላይ የወንዙ ንፋስ ገና አጥንት ይገባል፤ ካፖርት ሴኡል ትቶ መምጣት አያዋጣም።