የሦስት ሰዓቱ ጡጦ እና የሰባት ቀኑ ተኩስ አቁም

አራስ ልጅ በየሦስት ሰዓቱ ይጠባል። ጡጦው ተቀቅሎ፣ ውሃው ፈልቶ፣ ዱቄቱ በማንኪያ ተለክቶ፣ ልጁ ታቅፎ ጠጥቶ፣ ትከሻ ላይ ሆኖ እስኪያገሳ ድረስ ለአንዱ ልጅ ግማሽ ሰዓት ግድም ይሄዳል። አንዲት ሞግዚት በሦስት ሰዓት ውስጥ ስድስት ልጅ ካዳረሰች ጎበዝ ናት፤ ያውም የሽንት ጨርቅ ሳትቀይር፣ የታመመ ሳታስታምም፣ እሷም እህል ሳትቀምስ። ስድስተኛውን አጥብታ ስትጨርስ የመጀመሪያው ደግሞ ያለቅሳል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ የተባለው የታጠቀ ኃይል የገጠሙት ጦርነት ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ በማይጎማ የሕፃናት ማሳደጊያ የተናጋው ይህ ስሌት ነው። ማይጎማ ተጥለው የተገኙ ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ሲያሳድግ የኖረ የመንግሥት ተቋም ነው። ውጊያው ሰፈሩ ሲደርስ አብዛኞቹ ሠራተኞች ከቤታቸው መውጣት አልቻሉም። በቦታው የቀሩት ጥቂቶች በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ታቀፉ። መብራት ጠፋ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ የጥይት ፍንጣሪ እንዳያገኛቸው ልጆቹን ከመስኮት ማራቅ ግድ ሆነ። በጊዜው እንደተዘገበው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቢያንስ 60 ልጆች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 26ቱ በሁለት ቀን። የሞቱት በምግብ እጥረት፣ በሰውነት ውሃ ማለቅና በትኩሳት ነው እንጂ ጥይት መትቷቸው አልነበረም።

በእርዳታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከዚህ ታሪክ ልብ ሊል የሚገባው ቀኖቹን ነው። 26ቱ ልጆች ያለቁበት ሳምንት ተኩስ አቁም የጸናበት ሳምንት ነበር።

ስምምነቱ ጅዳ ላይ ግንቦት 12 ተፈረመ። አሸማጋዮቹ ሳዑዲ አረቢያና አሜሪካ፣ ፈራሚዎቹ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ናቸው። ከፊርማው 48 ሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 14 ማታ፣ በሥራ ላይ ዋለ፤ ዕድሜው ሰባት ቀን። ከዚያ በፊት የ24 ሰዓት፣ የ72 ሰዓት፣ የኢድ እየተባለ ስንት ተኩስ አቁም ታውጆ ፈርሷል። የጅዳው ከእነዚያ ይሻላል፦ በወረቀት ተጽፎ ተፈርሟል፣ ተዋጊዎች ከሆስፒታል እንዲወጡ፣ የአየር ድብደባ እንዲቆም፣ የእርዳታ መንገድ እንዲከፈት ይላል፣ የሚከታተል ኮሚቴም አቋቁሟል። ግን ካርቱም ጎዳና ላይ ቆሞ «ይቺን መኪና አሳልፍ» የሚል ታዛቢ አልነበረም። ውጊያው በረድ አለ እንጂ አልቆመም። ግንቦት 21 ለአምስት ቀን ተራዘመ፤ ግንቦት 23 ጦሩ ከድርድሩ ወጣሁ አለ፤ ግንቦት 26 ማታ ጊዜው አለቀ።

ልጆቹ ከማይጎማ የወጡት ግንቦት 30 ነው፤ ተኩስ አቁሙ ካለቀ ከአራት ቀን በኋላ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ 280 ልጆችና 70 ሞግዚቶችን ይዞ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ወደምትርቀው ዋድ መዳኒ አደረሰ። ከልጆቹ ትንሹ የአንድ ወር፣ ትልቁ የ15 ዓመት ነበር። ዩኒሴፍና የሱዳን ባለሥልጣናትም ሕክምናውንና መቀበሉን ተረባርበውበታል።

ይህ እንዴት ሆነ? የሰባት ቀኑ ስምምነት ለአገር ሁሉ የተጻፈ ነው። የግንቦት 30ው ግን ለአንድ ግቢ፣ ለአንድ መንገድ፣ ለተቆጠሩ መኪኖችና ለተቆጠሩ ሰዓታት ሁለቱም ወገን የሰጠው ቃል ነው። በሥራው ላይ የቆዩ ሰዎች ትልቁን ስምምነት እንደ ጣሪያ ያዩታል፤ ከሥሩ ግድግዳውን የሚያቆመው ሌላ ነው። ጣሪያው አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ስልክ ደውሎ «በፈረማችሁት መሠረት» ለማለት ያስችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሰሌዳ ቁጥር ሥራ ነው።

የሰሌዳ ቁጥሩ ሥራ ይህን ይመስላል። ለሁለቱም ወገን የሚላከው ማስታወቂያ በዐረብኛ፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የእያንዳንዱ መኪና ሰሌዳ፣ ዓይነትና ቀለም፣ የሾፌሩ ስም፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ መነሻው በጂፒኤስ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ፣ መድረሻው ይገባበታል። «ተቀብለናል» የሚል መልስ ከላይ ሲመጣ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ላይ ያለው ጄኔራል የፈቀደውን ኬላ ላይ ያለው የ19 ዓመት ልጅ ላይሰማው ይችላል፤ ሬዲዮው ባትሪ ጨርሶ ይሆናል፣ ሌሊት ፈረቃው ተቀይሮም ይሆናል። ስለዚህ በመነሻው ጧት ተደውሎ የኬላው አዛዥ የሰሌዳ ቁጥሮቹን መልሶ እንዲያነብ ይጠየቃል። ማንበብ ካልቻለ መረጃው አልደረሰውም፤ ኮንቮዩም (አብረው የሚጓዙት መኪኖች) አይነሳም። ይህን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ያፈረ አስተባባሪ በኋላ በሬሳ ፊት ያፍራል።

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። የጅዳው ስምምነት የሚጀምረው በካርቱም ሰዓት 21:45 ላይ ነበር። ካርቱም ከጅዳም ከአዲስ አበባም አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። ካርቱም ውስጥ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3:45 ሲሆን፣ ጅዳ ያለው ተደራዳሪና አዲስ አበባ ሆኖ ስልክ የሚጠብቀው ዘመድ 4:45 ላይ ናቸው። ያን ሰሞን ከካርቱም በገዳሪፍ አድርገው ወደ ገላባትና መተማ ለሚወጡ ኢትዮጵያውያን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ «በ9:45 ይጀምራል» የተባለ ሐበሻ በልማዱ ቢያነበው ለቀን 9 ሰዓት ከ45 ይነሳል፣ ማለትም ተኩስ አቁሙ ሊጀምር ስድስት ሰዓት ሲቀረው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ፣ ከጎኑ «የካርቱም ሰዓት» ማለት፣ ለኢትዮጵያዊ ሾፌር ደግሞ በቃል «ጀንበር ከገባች በኋላ» ብሎ መጨመር። ሌላው ብልሃት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሰዓት አለመጠቀም ነው። ተኩስ አቁም ሊጀምር ሲል እያንዳንዱ ወገን አንዲት መንደር ልጨምር ይላል፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ቦታውን ይይዛል። ሰባት ቀን የተባለው ለኮንቮይ ሲመነዘር አምስት ቀን ነው፤ 24 ሰዓት የተባለው ደግሞ የአንድ ጧት ሥራ።

ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ነገር አለ። 280 ልጅ ለ70 ሞግዚት ሲካፈል አራት አራት ይደርሳል። አራት ይበዛል ላይባል ይችላል፤ ሆኖም የሰው ክንድ ሁለት ነው። ስለዚህ በየወንበሩ አራስ ከአራስ ጋር አይመደብም፦ አንድ አራስ፣ አንድ ዳዴ የሚል፣ ሁለት በእግሩ የሚሄድና የሚታዘዝ ተብሎ ይደለደላል። ትልልቆቹ ልጆች ረዳት ናቸው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ጡጦ መያዝ ይችላል።

ወተቱ ተበጥብጦ አይጫንም። የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ካልቀዘቀዘ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይበላሻል። ዱቄቱ በየጡጦው ደረቁን ተለክቶ ይቀመጣል፤ የፈላ ውሃ በቴርሞስ ይያዛል፤ ሲበጠበጥ ውሃው ከ70 ዲግሪ መውረድ የለበትም፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ክንድ ላይ ጠብ ተደርጎ ይፈተሻል። ስሌቱ የሚሠራው በመንገዱ ርዝመት አይደለም። 200 ኪሎ ሜትር በሰላም ቀን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ በኬላ መንገድ አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ ይታሰባል። ለምሳሌ 100 አራሶች ቢኖሩ፣ በ12 ሰዓት አራት ጊዜ፣ በአማካይ 100 ሚሊ ሊትር ቢጠጡ፣ ለወተት ብቻ 40 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ግማሹን ያህል መጠባበቂያ ሲጨመር 60። ለኦአርኤስ (ተቅማጥና ትውከት ያሳጣውን ውሃና ጨው ለሚተካው ዱቄት)፣ ለእጅ መታጠቢያና ለአዋቂ የሚጠጣ ውሃ ለብቻው ይታሰባል። ኦአርኤስ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ነው፤ ለትንሽ ልጅ ተብሎ ዱቄቱን በዓይን ግምት ከፍሎ መበጥበጥ ጨው አብዝቶ ልጅ ይጎዳል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

ከመነሳት በፊት እያንዳንዱ ልጅ ይታያል። እርግብግቢቱ የጎደጎደ፣ ዓይኑ የሰረጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ፣ ለመጥባት ጉልበት ያጣ ልጅ ከነርሷ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከኋላ ወንበር ከተቀመጠ መሞቱ የሚታወቀው ሲደረስ ነው። የእጅ አንጓ ላይ ፕላስተር ይለጠፍና ስሙ፣ ቁጥሩ፣ መጨረሻ የጠባበት ሰዓት በእስክሪብቶ ይጻፋል። ፋይሉም አብሮት ይሄዳል። ይህ የቢሮክራሲ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ወላጁ ለማይታወቅ ልጅ ያቺ ወረቀት ማንነቱ ናት፣ ካርቱም ከቀረች ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ተጣለ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሱዳን ከዚህ የተለየ ተኩስ አቁምም አይታለች። በ1995 እ.ኤ.አ. በሰሜንና በደቡቡ ጦርነት መሐል የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ያስማሙት የጊኒ ዎርም ተኩስ አቁም ለሁለት ወር ተብሎ ተጀምሮ ስድስት ወር ገደማ ቆይቷል። ጋምቤላ የሠራ የጤና ባለሙያ በሽታውን ያውቀዋል፤ ከኩሬ ውሃ የሚገባ፣ ዓመት ቆይቶ ከእግር የሚወጣ ትል ነው፣ መከላከያው ውሃን በጨርቅ ማጥለል። በእነዚያ ወራት ከ200 ሺህ በላይ ማጥለያ ጨርቅ ታድሏል። በስምምነቱ ሥራው በስሙ ተጠርቶ ነበር፤ ተዋጊው ለምን እንዳቆመ ያውቃል፣ የጤና ሠራተኛውም ስንት መንደር እንደሚደርስ አስልቶ ይነሳል።

ወደ ካርቱምና መዳኒ መንገድ ስንመለስ፣ ያው መንገድ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ነገር አሳይቷል። ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም የቀይ መስቀል ኮሚቴው ሦስት መኪኖችና ሦስት አውቶቡሶች ከመቶ በላይ ሲቪሎችን ከካርቱም አውጥተው ወደ ዋድ መዳኒ ሊወስዱ ተሰማሩ። ሁለቱም ወገን ዋስትና ሰጥቶ ነበር። ሰዎቹን ሊያሳፍሩ ወደ ቦታው ሲገቡ ተተኮሰባቸው፤ ሁለት ሰው ሞተ፣ ሰባት ቆሰሉ፣ ከቆሰሉት ሦስቱ የኮሚቴው ሠራተኞች ነበሩ። የሱዳን ጦር ኮንቮዩ ከተስማማንበት መስመር ወጥቷል፣ የፈጥኖ ደራሹ መኪናም አጅቦታል አለ፤ ኮሚቴው ጉዞው በወገኖቹ ጥያቄና ስምምነት የተደረገ መሆኑን ተናገረ። ለሾፌር የሚሰጠው መመሪያ ከዚህ በኋላ ጠበቅ ብሏል ቢባል አይደንቅም፦ መንገዱ ተዘግቶ ካገኘኸው አቁም፣ ሞተር አጥፋ፣ ደውል። አቋራጭ አውቃለሁ ብለህ አትታጠፍ። የታጠቀ መኪና «ልምራህ» ካለህም እሺ ከማለትህ በፊት ደውል፤ ከፊትህ የሚሄደው መኪና የማን እንደሆነ ከሩቅ የሚያይህ ሌላ ሰው አለ።