«ኢንሴንስ»፦ ዕጣንም ንዴትም የሆነው ቃል

ከዚራ በሚገኝ አንድ ቤት በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሬዳዋ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ለአምስት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ባለፈው ሳምንት እንዲተረጉሙ ከሰጠኋቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ፣ የአንዲት ከተማ ነዋሪዎች ምክር ቤቱ የቆዩ ዛፎችን ለማስቆረጥ በመወሰኑ «ኢንሴንስድ» እንደሆኑ የሚናገር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ «ነዋሪዎቹ በምክር ቤቱ ውሳኔ ታጠኑ» ብላ ተረጎመችው። ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷ ደብተሯን ከደነች። እኔም «ተናደዱ ማለት ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አለፍኩ። በዚያ ማለፌ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ልጅቷ የሳተችው ሌሎቹ ካሰቡት በጣም ባነሰ ርቀት ነበር።

«ኢንሴንስ» በእንግሊዝኛ በስምነቱ ዕጣን ነው። በግስነቱ ደግሞ ሰውን እጅግ ማስቆጣት ነው። አጻጻፉ በሁለቱም አንድ ሲሆን የሚለየው በአነባበብ ብቻ ነው፤ ስም ሲሆን ድምፁ የሚበረታው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው፣ ግስ ሲሆን በሁለተኛው። ሁለቱም የመጡት «ኢንኬንዴሬ» ከሚለው የላቲን ግስ ነው፤ ትርጉሙም በእሳት ማያያዝ፣ ማንደድ ማለት ነው። ከዚያ ግስ የወጣው «ኢንኬንሱም»፣ ማለትም «የተቃጠለው ነገር»፣ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «አንሳን» ሆኖ ወደ እንግሊዝኛ በመግባት የዕጣን ስም ሆነ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ይዞት የመጣውና ለእኛ ከተማ «ለገሃሬ» የሚለውን ስም የተወልን ፈረንሳይኛ፣ ለእንግሊዞችም በሩቁ ዘመን ዕጣናቸውን ሰይሞላቸዋል። ግሱም የመጣው በዚያው በፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን፣ እየዋለ ሲያድር እንጨትና ከሰል ማንደዱን ትቶ የሰውን ልብ ማንደድ ብቻ ቀረለት።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ይህ ሳይሆን የራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛም ንዴትን የሠራው ከእሳት ነው። «ነደደ» ካልን በኋላ እሳቱን ለኮሰ ለማለት «አነደደ»፣ ሰውን አስቆጣ ለማለት ደግሞ «አናደደ» እንላለን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል፣ የ«ነ» እና የ«ና» ልዩነት ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ዕጣኑን ከቁጣው በድምፅ ብርታት እንደለየ ሁሉ፣ እኛም የምድጃውን እሳት ከልብ እሳት የለየነው በአንዲት አናባቢ ነው። በዚህ ላይ «ቱግ አለ»፣ «ቆሽቱ አረረ»፣ «ደሙ ፈላ»፣ «እርር ድብን አለ» የሚሉትን፣ ወጣቶቹም አሁን በየሰፈሩ የተቆጣን ሰው «ጨሷል» የሚሉትን ብንጨምር፣ የአማርኛ ቁጣ ከምድጃ ርቆ እንደማያውቅ ይታያል። ስለዚህ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ግስ በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ «አናደደ»ን ከነሥሩ ካሰበው በእጁ ነው።

ይሁን እንጂ ሥሩ አንድ መሆኑ ክብደቱ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ተናደድኩ» ዛሬ በአማርኛ ቀላል ቃል ሆኗል፤ ባጃጅ አምስት ደቂቃ የዘገየችበትም፣ ስልኩ ባትሪ የጨረሰበትም ተናደድኩ ይላል። የእንግሊዝኛው «ኢንሴንስ» ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አይውልም። ለዚያ «አኖይ» ወይም «ኢሪቴት» አሉ፤ ትዕግሥት እስኪያልቅ ለሚመላለስ ነገር ደግሞ «ኤክሳስፐሬት» አለ። «ኢንሴንስ» የሚመጣው ቁጣው ሲበረታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተቆጪው በደል ተፈጸመ፣ ክብር ተነካ፣ ፍርድ ተጓደለ ብሎ ሲያምን ነው። ዛፎቹ እንዲቆረጡ የተወሰነባቸው ነዋሪዎች ቁጣ እንደዚህ ያለ ነው።

አንድ የሰፈሬ ወጣት ከውጭ አገር ያዘዘው ዕቃ አሥር ቀን ቢዘገይበት፣ ለሻጩ በጻፈው ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ቃል አስገባ፤ መዝገበ ቃላቱ «አናደደ፣ አስቆጣ» ብቻ ስላለው፣ «ትንሽ ቅር ብሎኛል» ያለ መስሎት ነበር። የመጣለት መልስ የተቆጣን ደንበኛ ለማብረድ የተጻፈ፣ ቁጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ስልኩን ይዞልኝ መጥቶ «ምን በደልኳቸው?» ሲለኝ በእሱ ልፈርድ አልቻልኩም። ከዐሥር የሚበልጡ የእንግሊዝኛ ግሶችን በ«አስቆጣ» ብቻ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ለተማሪ ግማሽ ቃል ነው የሚሰጠው፤ የቃሉ ሌላኛው ግማሽ መጠኑ ነው፣ መጠኑን የማያውቅ ሰው ደግሞ ሳያስበው ይሰድባል ወይም ሳያስበው ይለማመጣል።

አገባቡም ልብ ሊባል ይገባዋል። በአብዛኛው የምናገኘው በተደራጊ መልኩ ነው፤ ሰው በሌላ ሰው ድርጊት «ኢንሴንስድ» ይሆናል። ድርጊቱን ባለቤት አድርጎ «ውሳኔው ነዋሪዎቹን አናደዳቸው» እንደማለት መጠቀምም የተለመደ ነው። ነገር ግን «አሁን እያናደድከኝ ነው» ብሎ ፊት ለፊት ለመናገር እንግሊዞች ይህን ቃል ብዙም አይመርጡትም፤ ከአፍ ይልቅ የዜናና የመጽሐፍ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኢሳይያስ 41፥11 ላይ አማርኛው «የሚቈጡህ ሁሉ ያፍራሉ» በሚለው ቦታ የገባው ይኸው ግስ ነው። በዚያው መጽሐፍ ዘጸአት 30 ደግሞ ስለ መገናኛው ድንኳን ዕጣን ያወራል። አንዱ የሚያስታርቅ፣ ሌላው የሚያጣላ ሆነው በአንድ ጥራዝ ውስጥ አንድ ፊደል ለብሰው ተቀምጠዋል።

ትናንት፣ ማለትም በተከታዩ ቅዳሜ፣ ወደዚያው በረንዳ ስመለስ የቤቱ እመቤት ቡና አፍልተው ነበር። ከቀፊራ ገበያ የገዙትን ዕጣን ከወረቀቱ ፈትተው አንዲት ፍሬ በገሉ ላይ ካለው ፍም አኖሩ። ተማሪዎቹን ዝም ብላችሁ እዩ አልኳቸው። ፍሬዋ በመጀመሪያ ጠርዟ ላይ አብለጨለጨች፣ ከዚያ ለስልሳ ጥቃቅን አረፋ አወጣች፣ ቀጥሎ መሐሏ ጠቆረና ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ይህ የሚቃጠለው ነገር ስሙ ኢንሴንስ ነው፤ ፍሙ በእሷ ላይ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ግሱ ነው» አልኳቸው፤ ከዚያም ያለፈው ሳምንት ትርጉም ስሕተት ቢሆንም ቃሉ ወዳደረበት ቤት የገባ ስሕተት እንደነበረ ለልጅቷ በጓደኞቿ ፊት ነገርኳት።

እመቤቲቱ ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደሩ ያዳምጡ ኖሯል። «ታዲያ መምህር፣ ተናደዱ ማለቱ ካነሰ ምን ሊባል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ «በገኑ» ለማለት ሳስብ ልጅቷ ቀደመችኝ። ደብተሯን ገለጠችና በቀይ የተሰረዘውን «ታጠኑ» ሳትነካ፣ ከሥሩ «ነዋሪዎቹ በምክር ቤቱ ውሳኔ በንዴት ጦፉ» ብላ ጻፈች። ከእኔ ቃል የእሷ ይሻላል፤ «ጦፉ» ሲባል ጧፍ ይታየኛል።