አራቱ ቀዳዳዎች

የምሠራው የብረትና የአልሙኒየም ሥራ ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ። በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ ሲገኝ ደግሞ የሱቅ መደርደሪያ። ካራቫን የሚሉትን፣ በመኪና የሚጎተተውን ቤት ነክቼ አላውቅም ነበር። እንኳን መንካት፣ ውስጡን ያየሁትም ያን ቀን ነው።

ያምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ የደሴ ሰው በፒክአፕ እየጎተተ አመጣው። አንድ አክስል፣ ሁለት ጎማ፣ ድሮ ነጭ የነበረ ቀለም። የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ሲያልቅ በጨረታ የገዛው ነው። መጀመሪያ ኢንጂነሮች አደሩበት፤ በኋላ ግቢ ውስጥ ተረስቶ ዶሮ አደረበት። ሰውዬው በየገጠሩ የውሃ ጉድጓድና ቦኖ የሚሠራ ትንሽ ተቋራጭ ነው። ኩታበርና ደላንታ ይመላለሳል። ደላንታ ያደረ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል።

«አልጋ ሥራልኝ፤ መብራት አስገባልኝ፤ ከሁሉም በላይ ግን ብርድ እንዳይገባ አድርገህ ድፈንልኝ» አለኝ።

«አብሽር» አልኩት።

እኛ ወሎዬዎች በዚህች ቃል የገባንበትን ጣጣ ብቆጥር አላበቃም።

ሥራው ካሰብኩት በላይ ሆነ። ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ከጣሪያው የሚገናኝበት ጥግ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ዘው ብሎ ገባ። እንጨቱ ሻይ ውስጥ እንደ ተነከረ ዳቦ ሆኗል። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አልሆነም። ካራቫን ማለት ከላይ ስስ አልሙኒየም፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ፣ መሐሉ ላይ የእንጨት አጥንትና ፎም ነው። ውሃ በመገጣጠሚያው ሾልኮ ከገባ መውጫ የለውም። እዚያው ተኝቶ እንጨቱን ይበላል። የበሰበሰውን ቀይሮ ውሃው የገባበትን ቦታ የተወ ሰው በቀጣዩ ክረምት ያንኑ ሥራ ይደግመዋል።

የጥጉን ማያያዣ ፈታን፤ አሮጌውን ማስቲሽ ፍቀን አወጣን። በሲሊኮን ዘጋሁት። ለሙከራ አንድ ዙር ጎትተነው ስንመለስ ሲሊኮኑ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነስቷል። ተሳቢ ነገር መንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠማዘዛል። እንደ ማስቲካ ልስልስ ብሎ የሚቀረውን ማስቲሽ ነበር የሚፈልገው። እሱን ፈልገን አገኘንና ዘጋን።

የቀረው ቶሎ አለቀ። ፎም ገባ፤ አልጋ ተሠራ። የውሃ ታንከሩን ባለቤቱ ከኋላ ይሁን ብሎ ነበር፤ እኔ ግን አክስሉ ላይ አደረግኩት። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ከጎማው ኋላ ሲሆን ጋንቾው፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት፣ ይቀልና ተሳቢው እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት እንዲህ ያለ ነገር አያምጣው! መብራቱንም አሳምሬ ዘረጋሁ። በ220 ቮልት ሩብ አምፒር ገደማ የሚስብ 60 ዋት፣ በ12 ቮልት ሲሆን 5 አምፒር ይስባል። ስለዚህ ወፈር ያለ ሽቦ ተጠቀምኩ፤ ፊውዙንም ከባትሪው አጠገብ አሰርኩ። ባትሪውን ደግሞ አልጋው ሥር ሳጥን ሠርቼ ግጥም አድርጌ ከደንኩት። ይቺን «ግጥም» ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ቀዳዳዎቹ ጋ ደረስን።

የምድጃው ቁም ሳጥን ሥር፣ ወለሉ ላይ አራት ቀዳዳዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የቡና ሲኒ ቂጥ ያህላሉ። የሽቦ ወንፊታቸው ዝጎ ተበጣጥሷል። ዙሪያቸውን የአይጥ ኩስ ነው። ጣሪያው ላይ እንደ እንጉዳይ ቆብ የደፋ ነገር አለ፤ ከሥሩ አየር ይገባል። በሩም ከታች በኩል እንደ ዓሣ ስንጥብ የተሰነጣጠቀ ነው።

«ጋሼ፣ ብርዱ በዚህ ነው የሚገባው» አለኝ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ግን ንቁ ነው።

ለምን ተበሱ ብዬ አልጠየቅኩም። አይጥ ይገባል፣ አቧራ ይገባል፣ ብርድ ይገባል። ሌላ ምን ምክንያት ያስፈልገኛል? ላሜራ ቆረጥን፤ በሪቬት መታን፤ ጠርዙን በማስቲሽ ሞላን። የጣሪያውን ቆብ ከውስጥ በፎም ጠቅጥቀን በኮምፔንሳቶ ሸፈንነው። የበሩንም ዘጋን።

ባለቤቱ ሲመጣ ውስጥ ገብቶ በሩን ከላዩ ላይ ዘጋ። ኪሱ ውስጥ ላይተር አለው፤ አውጥቶ ለኮሰ። ጥግ ጥጉን፣ የበሩን ሥር፣ መስኮቱን እየዞረ አየ። እሳቷ ቀጥ ብላ ቆመች። አንድም ቦታ አልተነቃነቀችም።

«አበጀህ!» አለኝ። ልጁን ሳይቀር ጀርባውን መታ መታ አደረገው። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የበር ሠራተኛ ነኝ፤ ለኔ ትልቁ ሙገሳ «አይነፍስበትም» የሚለው ነው።

ኅዳር ላይ ልናስረክብ ወደ ደሴ ወጣን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሐረጎን ተሳቢ እየጎተትክ ስትወጣው ሌላ አገር የምትሄድ ይመስልሃል። ጉሙ ወርዶ ፒክአፑ በቀዳማይ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። ኮምቦልቻ በሸሚዝ ተነስተን ደሴ ስንደርስ ጥርሳችን ይንገጫገጭ ጀመር። ደሴ ከኮምቦልቻ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች።

የኋላ መብራቱን ገመድ ሳንጨርስ መሸ። ባለቤቱ እደሩ አለን። እናቱ እኔን ሳሎን አስተኙኝ። ልጁ ግን «እኔ የሠራሁት አልጋ ላይ ነው የማድረው» ብሎ ካራቫኑ ውስጥ ቀረ። የግቢው ጥበቃም አብሮት ገባ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጨዋታ ያውቃሉ። እዚያው ቡና ሊያፈሉ ከሰል አቀጣጠሉ። በኋላ እንደነገሩኝ ጥንቃቄ አድርገዋል። ከሰሉን ደጅ ነው ያያያዙት። ጭሱ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ ቀይ ፍም እስኪሆን ጠብቀዋል። ጨውም ጣል አድርገውበታል። ከዚያ የከሰል ምድጃውን አስገብተው በሩን ዘጉ።

ሌሊት አምስት ሰዓት አልፎ ሽንት ቤት ልሄድ ወጣሁ። የካራቫኑ መብራት በርቷል። ጨዋታው እስካሁን አላለቀም እንዴ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ድምፅ የለም። አንኳኳሁ፤ ዝም። በሩን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ እንደ እንጀራ ምጣድ። ጥበቃው አልጋው ላይ ተጋድመዋል። ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ዓይኑ ክፍት ነው። ረከቦቱ ፊቱ ላይ ነው። ሁለት ሲኒ ተቀድቶ አንዱ አልተነካም።

«ጋሼ» አለኝ ቃሉን እየጎተተ፤ «እግሬ እምቢ አለኝ።»

በብብቱ ይዤ ጎተትኩት። ሽማግሌው ከበዱኝ፤ እየጮህኩ ባለቤቱን ቀሰቀስኩና ተጋግዘን አወጣናቸው። ብርዱ ሲነካቸው አስመለሳቸው። አስመልሶኝ ሞትኩ ሲሉ እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ፤ መናገራቸው ብቻ በቃኝ። እናትየው ሎሚ ይዘው ሮጡ፤ ጎረቤት ወተት አመጣ። ባለቤቱ መኪናውን አስነስቶ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

እዚያ የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ «ከሰል ነበር?» ነበር። ወዲያው አፍና አፍንጫቸው ላይ ማስክ አድርገው ኦክስጅን ሰጧቸው። ነርሷ ቁጣ እየተናነቃት አስረዳችኝ። ገዳዩ የምናየው ጭስ አይደለም። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ቀይ ፍሙም ይሰጠዋል። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን መያዝ ያለበትን ቦታ ይይዛል፤ ያውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ። ሎሚም ወተትም አያወጡትም። ጨዉም ምንም አያደርገው። ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያ ኦክስጅን። «ክፍሉ ቀዳዳ የለውም እንዴ?» አለችኝ።

ምን ልበላት?

ሁለቱም በማግስቱ ከሰዓት ወጡ። ሽማግሌው ራሴን ያመኛል ከማለት በቀር ደህና ናቸው። የሆስፒታሉን ሒሳብ ባለቤቱ ከፈለና ደረሰኙን አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኔ ሳልጠየቅ ማስተባበል ጀመርኩ። ድፈን ያልከኝ አንተ ነህ፤ ከሰል ይገባበታል ብለህ አልነገርከኝም፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ጸጥ ብሎ ሰማኝና፣

«እኔ ብርድ እንዳይገባ ነው ያልኩህ። አየር እንዳይገባ አልኩህ?» አለኝ።

ካራቫኑን መልሰን ወደ ኮምቦልቻ አወረድነው። ቁልቁለቱን ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ከኛ ሱቅ ጥቂት በር አለፍ ብሎ አንድ ሐጂ አሉ። በጉልበታቸው ዘመን የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ መካኒክ ነበሩ፤ አሁን ምርኩዛቸውን ይዘው በየጋራዡ እየዞሩ ሰው ይተቻሉ። ጉዳዩን ሰምተው መጡ። ገና ከበሩ አጎንብሰው ቁም ሳጥኑ ሥር ያለውን አዲሱን ላሜራዬን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይኼን ደግሞ ምን አርግ ብሎህ ደፈንከው?»

«አይጥ ሐጂ፣ አቧራም...»

«የቡታጋዝ መውጫ እኮ ነው ልጄ!»

ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔኑ አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴኑ ሁለት ጊዜ ያህል። ካፈሰሰ እንደ ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርደው። የካራቫን በር ደግሞ ደፍ አለው፤ ወለሉ እንደ ሳፋ ነው። ቀዳዳ ከሌለው ጋዙ ሳፋው ውስጥ ይጠራቀማል። እላይ የተኛ ሰው ቶሎ ላያሸተው ይችላል። ጠዋት ተነስቶ ሻይ ላፍላ ብሎ ክብሪት ይጭራል።

ባለቤቱ እየዞረ የለኮሳት ላይተር ትዝ አለችኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ደግነቱ ያን ቀን ሲሊንደሩ አልገባም ነበር።

ሐጂ አልጨረሱም። አልጋውን በምርኩዛቸው መታ መታ አድርገው «ባትሪውስ?» አሉ። ግጥም አድርጌ የከደንኩትን ሳጥን ከፍቼ አሳየኋቸው። የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ይወጣዋል። እሱ ደግሞ በተቃራኒው ቀላል ነው፤ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ክዳን ሥር ይሰበሰባል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። እኔም ሰው እላዩ ላይ እንዲተኛ አልጋ ሠርቼበታለሁ። አንዱን ወደ ታች የሚሄድ፣ አንዱን ወደ ላይ የሚሄድ፣ አንዱን ቤቱን የሚሞላ፤ ሦስቱንም መውጫ ነስቼ «አይነፍስበትም» ስባል ደረቴን ነፍቻለሁ።

መፍረሱ ከመሥራቱ ይልቅ ፈጀ። ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በድሪል በላናቸው። ልጁ አራቱን የወለል ቀዳዳዎች ራሱ ካልከፈትኩ ብሎ አስቸገረኝ፤ ተውኩት። አይጥ እንዳያልፍ ጠንካራ ወንፊት አሰርን። ከሥራቸው ደግሞ ላሜራ አጥፈን፣ ጎማው የሚያነሳው አቧራ በቀጥታ እንዳይገባ ከለልናቸው፤ ጋዙ ግን በጎንና ጎን እንዲወጣ ክፍት ተውነው። መጀመሪያም መሥራት የነበረብኝ ይቺን ነበር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ናት። የጣሪያውን ፎም አወጣን፤ የበሩን ስንጥቅ መለስን። ለባትሪው ሳጥን ከላይ ወደ ውጭ የሚተነፍስበት ቱቦ ተደረገለት። በሩ ላይ ልጁ በቀይ ቀለም «ከሰል ማስገባት ክልክል ነው» ብሎ ጻፈ። ፊደሉ ተንጋዷል፤ ግን አስተካክል አላልኩትም።

ባለቤቱ ሊወስደው መጣ። ሒሳብ ስንተሳሰብ ከእጅ ዋጋዬ ላይ የሆስፒታሉን ቀነሰ። አልተከራከርኩም። እንደ ልማዱ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ላይተሩን አወጣ። እኔ ሲሊንደሩ አለመግባቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። እሳቷን ወደ በሩ ሥር ሲያወርዳት ወደ ውስጥ ዘንበል አለች። ጣሪያው ሥር ከፍ ሲያደርጋት ተወዛወዘች።

ቅር አለው። «ይኼው፣ ገባ እኮ ብርዱ!»

ከውጭ ጋንቾውን ግሪስ ሲቀባ የነበረው ልጅ አንገቱን በመስኮቱ አስገባ።

«ባና ይግዙ!»

ሰውዬው ትንሽ አፍጥጦ አየውና ሳቁ አመለጠው። የደሴ ሰኞ ገበያ ሄዶ ሁለት መግዛቱን በኋላ ነገረኝ፤ አንዱ ለጥበቃው ነው።