ግራውንዱን «ሌቨል 1» ያልኩ ጊዜ

ሬቪት (የሕንፃ መሳያ ሶፍትዌር) መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዬን ጂ+3 ከመሠረት እስከ ጣሪያ ጨርሼ አተምኩ። ጉራ በሉት፣ ፕላኑ መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እለፉልኝ። ግድግዳ መሳል፣ በር መክተት፣ ሴቭ ሳላደርግ መብራት ሲጠፋ መራገም፤ ሁላችሁም ያያችሁት ነው። እኔን ያሰቃየኝ የፎቆች ስም ነው።

እኔ የምጠቀምበት ቴምፕሌት (አዲስ ሥራ የሚጀመርበት መነሻ ፋይል) መሬት ላይ ያለውን ወለል «ሌቨል 1» ይለዋል። እኛ ጋ እሱ ግራውንድ ነው፤ አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከላዩ ያለው ነው። ጂ+3 ስንል አራት ወለል የምንቆጥረውም ለዚህ ነው። ይህን እያወቅኩ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ተውኩት።

የአጎቴ ቤት ነበር፣ ጂ+2። ግራውንዱ ላይ ሱቆቹ ቀድመው ተሠርተው ስለነበር የቀረው ከላይ ያለው ነው። እኔ ያለውንም የሚሠራውንም ስዬ ሦስቱንም ወረቀት ለፎርማኑ ሰጠሁት። እሱ «1» የሚለውን ይዞ አንደኛ ፎቅ ወጣ። ብሎኬቱ ወገብ ሲደርስ ሄጄ ባይ፣ ሳሎን መሆን ያለበት ቦታ ሰፋፊ የሱቅ በር ተከፍቶለታል። «ላይም ሱቅ ሊያደርጉት ነው ብዬ ነዋ!» አለኝ። ምን ልበለው? ፈረሰ። አጎቴ ቡናውን ጠጥቶ ዝም ብሎ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ከመሳሌ በፊት ሌቨሎቹን፣ ማለትም የየወለሉን የከፍታ መስመር፣ እጨርሳለሁ። ከግድግዳ የሚጀምሩትን የዩቲዩብ ትምህርቶች አልወዳቸውም። ሌቨል የሚሳለው ኤሌቬሽን (ቤቱ ከጎን ሲታይ) ወይም ሴክሽን (ተቆርጦ ሲታይ) ላይ ነው፤ ፕላን ላይ ሆናችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ስሙን ስትቀይሩ የፕላኑም ስም አብሮ ይቀየር ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉት። እኔ አንዴ እንቢ ብዬ ለሁለት ቀን የተሳሳተ ፕላን ላይ ሠርቻለሁ። ሌቨል ኮፒ ካደረጋችሁ ደግሞ ፕላን አብሮ አይፈጠርለትም። ምልክቱ ሰማያዊ ሳይሆን ጥቁር ከሆነ ፕላን የለውም ማለት ነው፤ ራሳችሁ ፍጠሩለት። ሌቨል ማጥፋት ግን በጭራሽ! እላዩ ላይ የቆመው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ ስሞቹን በንጹሕ አማርኛ ጻፍኳቸው። ሶፍትዌሩ በፊደል ተራ ሲደረድራቸው «ሁለተኛ ፎቅ» በ«ሀ» ስለሚጀምር ከላይ ወጣ፣ «አንደኛ ፎቅ» ከ«ምድር ቤት» በታች ገባ። አሁን ቁጥር አስቀድማለሁ፦ «00 ግራውንድ»፣ «01 አንደኛ ፎቅ»፣ «02 ሁለተኛ ፎቅ»። «ምድር ቤት»ን ትቼዋለሁ፤ ግማሹ ሰው ቤዝመንት ነው የሚመስለው።

አሁንም ያልፈታሁት የተዳፋቱን ነገር ነው። ጅማ፣ ጅሬን አቅጣጫ አንድ ቦታ ይዣለሁ፤ ከላይኛው መንገድ ስትገቡ ግራውንድ የሆነው፣ ከታች በኩል ስታዩት አንደኛ ፎቅ ነው። የትኛውን 00 ልበለው? ያው ፎርማን ጋ ሄጄ እሱ ምን እንደሚለው ጠየቅኩት። «የላይኛው በር ያለበት» አለኝ።

«00 የላይኛው በር» ብዬ ጻፍኩት።