ቀለበቱ ሲላላ የቀነሰው ክብደቴ

ክብደት እንድቀንስ ጨጓራዬ ላይ ቀለበት ከተደረገልኝ በአራተኛው ወር ሚዛን ላይ ስወጣ ያየሁት ቁጥር ከሦስት ሳምንት በፊት ካየሁት ጋር አንድ ነበር፤ 112 ኪሎ። ወደ ቀዶ ሕክምና የገባሁት 119 ኪሎ ሆኜ ነው። በዚያው ሰሞን ጨጓራው ተቆርጦ የተቀነሰለት አንድ የማውቀው ሰው ሱሪዎቹን ሁሉ ሲያስጠብብ እኔ ቀበቶዬ ላይ አንድ ቀዳዳ እንኳን አልተሻገርኩም ነበር።

ዛሬ ሳስበው ከጭንቀቴ ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ነው። የሲሊኮኑ ቀለበት የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ከብቦ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይፈጥራል እንጂ ጨጓራውን አይቆርጥም፣ አንጀትንም አይነካም፤ ስለዚህ ክብደት የሚቀንሰው ከሌሎቹ ቀዶ ሕክምናዎች ይልቅ ቀስ ብሎ ነው፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስም ጥሩ አካሄድ ተደርጎ ይቆጠራል። ቀለበቱ የሚጠብቀው ከሆድ ቆዳ ሥር በተቀበረ ትንሽ መቀበያ በኩል በመርፌ የጨው ውሃ ሲጨመርበት ነው። ይህም የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው ወር «አልሠራልኝም» ብዬ ያለቀስኩት ገና ሥራ ባልጀመረ ቀለበት ላይ ነበር ማለት ነው።

ትልቁ ስሕተቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩ አልወርድ ባለ ቁጥር ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ «ይጥበቅልኝ» እል ነበር። የምበላው በደንብ እየወረደልኝ እንደሆነ ሲጠይቁኝም አዎ እላለሁ፤ ውሸት ነበር። ከሦስተኛው መሙላት በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ የደረቀ የዶሮ ሥጋ በችኮላ ጎረስኩ። ሁለተኛው ጉርሻ ከደረቴ መሐል ቆመ፤ እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ተሰማኝ፣ አፌም አረፋ በሚመስል ወፍራም ምራቅ ተሞላ። ይወርድልኛል ብዬ ውሃ ስጠጣ ባሰብኝ፤ መውጫ የሌለው ውሃ ከላይ ተጠራቀመ እንጂ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከአርባ ደቂቃ በኋላ መታጠቢያ ቤት ጎንበስ ብዬ ሥጋውን እንደ ጎረስኩት መለስኩት፤ ከቀለበቱ በታች ወዳለው ጨጓራ ስላልደረሰ የትውከት ኮምጣጣ ጣዕም እንኳን አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ፣ ዳቦና ሩዝ ፈራሁ፤ የማይጣበቀውን ብቻ መምረጥ ያዝኩ። አይስክሬም ይወርዳል፣ ቸኮሌት ይቀልጣል፣ ጭማቂ ምንም አይከለክለውም፣ ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩትም እንዲሁ። የበላሁትን ለሁለት ሳምንት በማስታወሻ ደብተር ጽፌ ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሳሳያት ገጾቹን አገላብጣ፣ «ይህ ሁሉ እኮ ቀለበቱ ጋ ሳይቆም የሚያልፍ ነው፤ ቀለበትህ ጠብቆ ጠንካራውን ምግብ ስለከለከለህ የምትኖረው በስኳር ነው» አለችኝ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይህ አነጋገር ነው። ጠንካራ ምግብ ከረጢቷ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ሲያልፍ ነው የጥጋብ ስሜት የሚመጣው፤ ፈሳሽ ግን ቶሎ ያልፋል፣ ረሃቡም ቶሎ ይመለሳል።

ለማንም ያልነገርኩት ሌላም ነገር ነበር። ሌሊት ቃር ይቀሰቅሰኛል፣ እያሳለኝ ሦስት ትራስ ደርቤ እተኛለሁ። ይህ ቀለበቱ ከልክ በላይ መጥበቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። በመጨረሻ ስናገር ሐኪሜ በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ አጠጥተው ሲያዩ ከቀለበቱ በላይ ያለችው ከረጢት መስፋት ጀምራ አገኟት። ቀለበቱ ውስጥ የነበረውን የጨው ውሃ በሙሉ አወጡና ለአምስት ሳምንት አሳረፉኝ፤ ከዚያ ከቀድሞው ባነሰ መጠን፣ በትንሽ በትንሹ እንደገና ሞሉት። ትውከቱ የማያቋርጥ ቢሆን ወይም ምራቅ እንኳን አልወርድ ቢለኝ ኖሮ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ፤ ለሳምንታት የቆየ ትውከት ቫይታሚን ቢ1ን አሟጦ ነርቭን ሊጎዳ እንደሚችል የነገሩኝ ያኔ ነው።

መብላትን እንደ ሕፃን እንደገና ተማርኩ። ጉርሻዬ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም፤ ጎርሼ ሹካውን አስቀምጣለሁ፣ እስኪልም አኝካለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሳህኑን እገፋለሁ። በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዳገኝ ስለታዘዝኩ ሥጋውን ወይም እንቁላሉን አስቀድማለሁ፤ ሥጋው ግን መረቅ ያለው ነው፣ የደረቀ አልነካም። ከምግብ ጋር አልጠጣም። ጠዋት ጠዋት ቀለበቱ ስለሚጠብቅብኝ መጀመሪያ ሞቅ ያለ ነገር እጠጣና ቁርሱን አዘገያለሁ። አልፎ አልፎ ምግብ ሲያዝብኝ የተቆጣው አካል እስኪረጋ ድረስ ለአንድ ቀን ፈሳሽ ብቻ እወስዳለሁ። ለመቆም የሚያስጠነቅቀኝ ምልክት ግን በጣም ያስቃል፤ ልጠግብ ስል አፍንጫዬ ይረጥባል። ቤተሰቦቼ መሐረብ ሳወጣ ሲያዩ ሳህኑን ያነሱልኛል።

በአሥራ ስምንተኛው ወር 96 ኪሎ ደረስኩ። አሁንም ቁጥሩ አንዳንዴ ለሦስት ሳምንት አይነቃነቅም፤ ሚዛን ላይ የምወጣው ግን በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሜ መርፌውን አዘጋጅተው «እንጨምር?» ሲሉኝ፣ ምሳ ላይ ግማሽ ቁራጭ ዶሮ በልቼ እስከ ማታ እንዳልራበኝ፣ ሌሊቱንም በአንድ ትራስ እንደተኛሁ ነገርኳቸው። መርፌውን ወደ ትሪው መለሱት፤ እኔም የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፍኩ።